ላለመጫወት የተከፈለ ደመወዝ



ስለ አሜሪካዊቷ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለ ዳያና ቶራሲ ስንናገር፥ 6ቱን የኦሎምፒክ ወርቆቿን ቆጥረን ብቻ ማለፍ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. በክረምቱ ወራት የምትጫወትለት የሩሲያ ቡድን፥ የአገሯን ውድድር ትታ እንድታርፍ ገንዘብ ከፈላት። በአገሯ ሊግ ከፍተኛው የዓመት ደመወዝ 110 ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ሩሲያኖቹ ግን 1.5 ሚሊዮን ያህል ይሰጧት እንደ ነበር ተጽፏል። (ለእርሷ አዝነው እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበቷን ለራሳቸው ፈልገውት ነው።) «ገንዘብ ወዳድ» የሚላት ቢኖር እኛ አንስማማም። ዓመቱን ሙሉ በሁለት አገር ያስሮጣት የደመወዙ ማነስ ነውና። በ2020 ዓ.ም. የተጫዋቾቹ ማኅበር ከሊጉ ጋር ተዋውሎ ከፍተኛው ደመወዝ 215 ሺህ ደረሰ፤ ቶራሲ ያን ጊዜ 37 ዓመት ሆኗት ነበር።