ልብ ከታች ሲቸኩል

ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ጋር እግር ኳስ ስትጫወት የዴንማርኩ ተጫዋች ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ተዝለፍልፎ ወደቀ። ልቡ ቆሞ ነበር። ሐኪሞች ደረቱን እየተጫኑ፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት መለሱት፤ በኋላም ምቱን የምትጠብቅ መሣሪያ ሰውነቱ ውስጥ ተቀበረችለት።

ልብ በድንገት የሚቆመው ብዙ ጊዜ የታችኞቹ ክፍሎቹ ምት ሲዛባ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። የታችኞቹ በራሳቸው ትእዛዝ ሲሮጡ ግን 200ም ሊደርስ ይችላል፤ ልብ ሳይሞላ ስለሚጨመቅ አንጎል ደም ያጥረዋል። ታማሚው «ልቤ ደለቀ፣ ዓይኔ ጨለመ» ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ የሚያዘናጋውም ይሄኛው ነው። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው (ኢሲጂ) ላይ ፈጣንና ሰፋፊ ሞገድ ከታየ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ከታች እንደመጣ መያዝ ይሻላል።

የደም ግፊቱ የወረደ ወይም ራሱን እየሳተ ያለ ሰው ከምቱ ጋር የተናበበ የኤሌክትሪክ ንዝረት ያስፈልገዋል። ለተረጋጋው እንደ አሚዮዳሮን ያለ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየምና ማግኒዚየምም ይታያል።

ተጠርቶ የማይመልስ፣ የማይተነፍስ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ውሃ መርጨቱና ክብሪት ማሽተቱ ይቅር። አምቡላንስ አስጠሩ፣ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በኃይል ተጫኑ።