ከዛፉ በስተኋላ ያለው ኮረብታ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከሰቆጣ ተነሥቶ በአበርገሌ በኩል ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርድ ፎቶግራፍ አንሺ፣ በበጋው ወራት ዓይኑን የሚስበው የዕጣን ዛፍ ነው። ዛፉ በዚያን ጊዜ ቅጠሉን አራግፎ በባዶ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያብባል፤ ልጡም እንደ ወረቀት እየተላጠ ይንጠለጠላል። ለዓይን ያማረው ይህ ዛፍ ለካሜራ ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከበስተኋላው ያለው የተራቆተ ኮረብታ ከግንዱ ጋር ተቀራራቢ ቀለም ስላለው፣ ቀጫጭኖቹ ቅርንጫፎች ከድንጋዩ ጋር ተደባልቀው ይጠፋሉ።

ስለዚህ ባለሙያው ኮረብታውን አንሥቶ በምትኩ ሌላ መደብ ቢያኖር አይፈረድበትም። ነገሩ ለአገራችን ባዕድ አይደለምና። የጎንደር ዘመን ሠዓልያን በመጀመሪያው ስልት ቅዱሳኑን በወጥ የቀለም መደብ ላይ፣ በሁለተኛው ደግሞ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ በቀስ በሚለወጥ መደብ ላይ ይሥሉ ነበር። ፎቶ ቤቶችም ደንበኛቸውን በተሣለ መጋረጃ ፊት አቁመው ያነሡ ነበር፤ መጋረጃውን አይቶ የተታለለ ሰው ግን አልነበረም።

ዛሬ መጋረጃው ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕና እርሱን የመሰሉ ፕሮግራሞች ዛፉን በአንድ ንብርብር፣ አዲሱን መደብ ከሥሩ በሌላ ንብርብር ያስቀምጣሉ፤ ከዛፉ ጋር የሚያያዘው ጭንብል ነጭ በሆነበት ቦታ ዛፉ ይታያል፣ ጥቁር በሆነበት ይሸሸጋል። ቅርንጫፍን ሁሉ በእጅ እየከበቡ መቁረጥ ከንቱ ድካም ነው። ምስሉ ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ክፍሎች መካከል ብርሃንና ጥላው በይበልጥ የተለያየበትን መርጦ ጭንብሉን ከእርሱ ማውጣት ይሻላል፤ ከበስተኋላ ጥርት ያለ ሰማይ ካለ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊው ይመረጣል። ለዚህም አንሺው ገና በቦታው ሳለ ተንበርክኮ፣ ካሜራውን ወደ ላይ አቅንቶ፣ ቅርንጫፎቹን ከሰማይ ጋር ማገናኘት ይኖርበታል። አንድ ጊዜ መንበርከክ የብዙ ሰዓት የጠረጴዛ ሥራ ያስቀራል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን በብርሃኑ ነው። ሰቆጣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በስተደቡብ 54 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በለንደን በዚያው ዕለት ከፍታዋ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ከአውሮፓ ክረምት የተወሰደ መልክዐ ምድር ከዋግ የቀትር ዛፍ በስተኋላ ሲቀመጥ፣ ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር ባይችል እንኳ ነገሩ ይጎረብጠዋል። ከተከዜ ሸለቆ ራሱ የተነሣ ጭጋግ፣ ወይም በቅርብ የተነሣ የሰቆጣ የድንጋይ ግድግዳ፣ ደብዘዝ ተደርጎ መደብ ቢሆን እጅግ ይበልጣል።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እነዚያ ሥዕሎች የተነሡባቸውን የሰሜን ኢትዮጵያ ቦታዎች ፈልገው እንደገና አነሡ። ሁለቱን ሲያነጻጽሩም፣ አገሩ ያለማቋረጥ እየተራቆተ ሄደ ከሚለው የተለመደ አባባል በተቃራኒ፣ የዛፉ ሽፋንና የመሬቱ አያያዝ ከ1868ቱ ይልቅ መሻሻሉን አገኙ። ይህን የመሰከረው በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታየው ኮረብታ ነው። የዚያ ዘመን አንሺ ኮረብታውን በሚያምር ደመና ለውጦት ቢሆን ኖሮ ምስክሩ ባልተገኘ ነበር።

የዕጣኑ ዛፍም እንዲሁ ነው። አጥኚዎች ከሚያስጨንቃቸው ነገር ዋናው፣ ከልቅ ግጦሽ፣ ከእሳትና ያለልክ ከመድማት የተነሣ በብዙ ቦታ አሮጌዎቹን የሚተካ ወጣት ዛፍ መጥፋቱ ነው። ወጣቱ መኖር አለመኖሩ የሚታየው ደግሞ ከአበባው ላይ ሳይሆን ባለሙያው አስቸጋሪ ብሎ በሚያነሣው በዚያ ተዳፋት ላይ ነው። በአረንጓዴ መደብ ላይ የተቀመጠና «ዋግ ኅምራ» የሚል ስም የተጻፈበት ሥዕል እንግዲህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ስለ ቦታው የተሰጠ የሐሰት ቃል ነው። ሥዕሉ ስመ ቦታ ካልተጻፈበት፣ ወይም መደቡ የተሠራ መሆኑ በግልጽ ከተነገረ፣ ባለሙያው እንደ ጎንደሩ ሠዓሊ ነጻ ነው።

ስለዚህ ከካሜራው የወጣው ጥሬ ፋይል ሳይነካ ከተቀነባበረው ጋር አብሮ ይቀመጥ፤ ቦታው፣ ዕለቱና ካሜራው የዞረበት አቅጣጫ ይጻፍበት። የካሜራው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነም፣ ከስድስት ሰዓቱ ልዩነት የተነሣ ኋላ ማለዳውና ቀትሩ እንዳይምታታ፣ ይኸው በማስታወሻው ላይ ይመልከት።