የመንግሥት ምሥጢርና የባዕድ ሰው ገመና



ምሥጢርን መጠበቅ ከጥንት ጀምሮ የጨዋ ሰው ምልክት ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ሐኪም የበሽተኛውን፣ የነፍስ አባት የንስሓ ልጁን፣ ሽማግሌም ያስታረቃቸውን ባልና ሚስት ነገር አውጥቶ ቢናገር ከሰው ተራ ይወጣል። በግብረ ገብ ትምህርትም ሕፃናት የሚማሩት ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን ሕዝቡ «ጆሮ ጠቢ» እያለ የሚጸየፈው ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም በግድግዳ ተለጥፎ የሰውን ገመና የሚያዳምጠው ነው። እንግዲህ ጆሮ ጠቢው መንግሥት፣ የሚደመጠውም የሌላ አገር ሰው በሆነ ጊዜ፣ ይህን አውቆ ለዓለም የገለጠው አገልጋይ ምን ይባላል? ከሓዲ ነውን ወይስ ምስክር?

ጥያቄው ለሞያሌ ሰው ሩቅ አይደለም። ድንበር ከተማዪቱን ለሁለት ከፍሏታል፤ አንደኛው ወገን የኢትዮጵያ፣ ሌላው የኬንያ ነው። የቦረናው፣ የገሪውና የቡርጂው ዘመድ ግን በሁለቱም በኩል ይኖራል። በወረቀት ሲታይ የእናት ወንድም ለእኅቱ ልጅ መንግሥት ባዕድ ነው፤ በለቅሶና በሠርግ ሲታይ ግን ባዕድ የሚባል የለም። የስልክ ሞገድም በኬላ አይቆምም። ስለዚህ «የሚሰለለው የውጭ ሰው ብቻ ነው» የሚለው ቃል ሌላውን ያጽናና ይሆናል እንጂ ሞያሌን አያጽናናም።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይገባል። እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። አሥመራ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ አሜሪካኖች ከ1943 እስከ 1977 ድረስ በዚያ የራዲዮ ጣቢያ ነበራቸው። ጣቢያው በኋላ ወደ ኮርያ በዘመተው በቃኘው ሻለቃ ስም ተጠርቷል። በ1953 በተፈረመው ውል መሠረት ሥራው ሲቀጥል፣ ከሥራዎቹ አንዱ የሌሎችን መንግሥታት የራዲዮ መልእክት ማዳመጥ ነበር።

ከዚያም ብዙ ዘመን አልፎ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በውል ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን በ2013 እጅግ ብዙ የምሥጢር ሰነዶችን ለጋዜጠኞች አስረከበ። ከእነዚህ ሰነዶች መካከል በ2017 ዘ ኢንተርሴፕት ያሳተማቸው ስለ አዲስ አበባ የሚናገሩ ናቸው። በ2002 በ12 ኢትዮጵያውያን የተጀመረው የማዳመጫ ጣቢያ በ2005 ወደ 103 ኢትዮጵያውያንና ወደ 8 የአሜሪካ ወታደሮች ማደጉ በእነዚሁ ሰነዶች ተገልጧል። አሜሪካ መሣሪያውን፣ ኢትዮጵያ ቋንቋ ዐዋቂውንና ቦታውን ሰጡ። የሚደመጡትም በአመዛኙ የጎረቤት አገር ሰዎች ነበሩ።

ይህን መግለጥ ስሕተት ነው የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። መንግሥት ሕዝቡን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ከሶማልያ በኩል የሚመጣው አደጋም ተረት አልነበረም። ኬንያ በ2013 በዌስትጌት፣ በ2015 በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ያየችው እልቂት የታወቀ ነው። በጋሪሳ የሞቱት 148 ሰዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ጠላት መደመጡን ካወቀ ዝም ይላል፤ ዝም ካለም ቀጣዩ አደጋ ሳይታወቅ ይደርሳል። ደግሞም ቃሉን ሰጥቶ የገባ ሰው ሁሉ በገዛ ፈቃዱ የሚፈርድ ከሆነ፣ የማንኛውም መሥሪያ ቤት በር ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ አንጻር የሚቆመውም ክርክር ብርቱ ነው። የገዛ አገሩ ዜጋ ቢበደል ምክር ቤት አለው፤ ዳኛ አለው። ባዕዱ ግን ምንም የለውም። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የስለላ ፕሮግራም በመገኘቱ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክሱ በ2016 ውድቅ ሆነ፤ በ2017ም የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው። ምክንያቱም በደሉ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም የሚል ነበር። እንግዲህ ሰላዩ በአንድ አገር፣ ተሰላዩ በሌላ አገር ሲሆኑ ዳኛው በመካከላቸው ይጠፋል። የሚከራከርበት አደባባይ የሌለው ሰው መበደሉን እንኳ ሊያውቅ የሚችለው፣ ብዙ ጊዜ፣ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ሲናገር ብቻ ነው።

ሆኖም የሚያወጣው ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። በሐምሌ 2015 ሀኪንግ ቲም በተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ላይ ወደ 400 ጊጋባይት የሚሆን ጽሑፍ ተሰርቆ በዓለም ፊት ተበተነ። በዚህም ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የነበረው የስለላ መሣሪያ ንግድ ታወቀ፤ ጥቅሙ አይካድም። ነገር ግን በዚያው ክምር ውስጥ የሠራተኞች የግል ደብዳቤ ጭምር ወጥቷል። ስለ ገመና መደፈር የሚጮኽ ሰው የሌላውን ገመና ሳይለይ ቢበትን ነገሩ ከመሠረቱ ይናጋል። ስኖውደን ሰነዶቹን ለጋዜጠኞች ሰጥቶ የሚታተመውን እነርሱ እንዲመርጡ ማድረጉ ከዚህ ይለያል፤ አገሩን ለቆ ሩሲያ ውስጥ መቅረቱ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መለኪያ አራት ነው። አንደኛ፣ የተገለጠው ነገር እውነተኛ በደል ነው ወይስ የማወቅ ጉጉትን የሚያረካ ብቻ? ሁለተኛ፣ በሕግ በኩል የሚሰማ ጆሮ ነበረን? ሦስተኛ፣ የሰው ስምና ሕይወት ተጠብቋልን? አራተኛ፣ ገላጩ ለተናገረው ነገር ኃላፊነቱን ይቀበላልን? እነዚህን የሚያሟላ ሰው ሕግ ቢቀጣው እንኳ ከሓዲ ሊባል አይገባውም።

ሞያሌ ስለ ምሥጢር መረጃ የምትመሰክረው የራሷ ሐዘን አላት። በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያው ወገን ወታደሮች ተኩሰው 9 ሲቪል ሰዎችን ገደሉ፤ መንግሥትም ድርጊቱ የተፈጸመው በተሳሳተ መረጃ ነው አለ። በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻግረው ከመጠለያ ገቡ። በስውር የተገኘና ማንም ያልመረመረው መረጃ ሲሳሳት ዕዳውን የሚከፍለው መረጃውን የሰበሰበው ሰው አይደለም።

ስለዚህ መድኀኒቱ ምሥጢር አውጪዎችን ማብዛት ሳይሆን የእነርሱን አስፈላጊነት ማሳነስ ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በግንቦት 2020 የሰጠው ፍርድ መንገዱን ያሳያል፤ የጀርመን መንግሥት በውጭ አገር ያሉ ባዕዳንን ሲያዳምጥም መሠረታዊ መብታቸውን ማክበር አለበት ሲል ወስኗል። ባዕዱም ዳኛ ያገኘበት አገር ምሥጢሩን በክብር ሊጠብቅ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ምሥጢር ማውጣት ኀጢአት ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መምህሩ «ምሥጢሩ የሚሸፍነው ገመናን ነው ወይስ በደልን?» ብሎ ቢመልስለት ተማሪው የሚያስብበት ነገር ያገኛል።