እንደራሴው ሲታሰር ቤቱም አብሮ ይታሰራል
(ልደታ በተካሄደ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ልደታ ተሰብስበን ስለ ሕግ ብናወራ ነውር የለውም፤ ፍርድ ቤቱ ጎረቤታችን ነው። በድሮው ባህላችን «በሕግ አምላክ!» ከተባለ እንኳን ሰው የሚፈስ ውሃም ይቆም ነበር ይባላል። ለመሆኑ ሕግ አውጪው ራሱ ሲያዝ «በሕግ አምላክ» የሚልለት ማን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። በአማራ ክልል ጦርነቱ ሲፋፋም፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ ተያዙ። የክልሉ ምክር ቤት አባል አቶ ዮሐንስ ቧያለውና የአዲስ አበባ ምክር ቤት አባሉ ዶ/ር ካሳ ተሻገርም ታሰሩ። ከፌዴራል፣ ከክልል፣ ከከተማ፤ ከሦስቱም ምክር ቤት መሆኑ ነው!

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ አይከሰስም ይላል። ይህ ለሰውየው የተሰጠ ሹመት አይደለም፤ ለመራጩ የተሰጠ ዋስትና ነው። ነሐሴ 8 ቀን ምክር ቤቱ አዋጁን ሲያጸድቅ 16 አባላት ተቃወሙ፣ 12 ድምፅ ተአቅቦ አደረጉ። የአቶ ክርስቲያን መራጮች ግን እጅ የሚያወጣላቸው ሰው አልነበረም። ከደጋፊም ከተቃዋሚም ሳይቆጠሩ ቀሩ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። በኛ አገር እስረኛ የሚኖረው በስንቅ ነው። ቤተሰብ ምሳ ዕቃውን ቋጥሮ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ በር ላይ ተሰልፎ «ደህና ነህ?» ይላል። ያቺ አንዲት ቃል ናት ቤቱን የምታቆመው። እነዚህ ሰዎች ግን አፋር በረሃ፣ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ተወሰዱ። ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በምን ስንቅ ይደረስ? ልጅ «አባዬ የት ሄደ?» ሲል እናት ምን ትበል? «ለሥራ» ነው የምትለው? እስከ መቼ?

አንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 93 ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ የታሰሩትን ስም፣ ከታሰሩበት ምክንያት ጋር፣ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የሚያደርግ መርማሪ ቦርድ አቁሟል። ይህ ለማን የተጻፈ ይመስላችኋል? ልጇ የት እንደገባ ላጣችው እናት ነው እንጂ!

«ጦርነት ነው፤ በጦርነት ጊዜ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እንግሊዝን እንይ። በ1940 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሂትለር በር ላይ ቆሞ ሳለ፣ የፓርላማ አባሉ ካፒቴን ራምሴይ በናዚ ወዳጅነት ተጠርጥሮ ታሰረ። ሰውየው የሚወደድ አልነበረም። ቢሆንም ፓርላማው የአባሉን መብት የሚመረምር ኮሚቴ ጉዳዩን እንዲያይ አደረገ። ኮሚቴው እስሩ የአባሉን መብት አልጣሰም አለ፤ ግን ጉዳዩን መረመረ፣ መልስም ሰጠ። ራምሴይ እስር ቤት ሆኖ በጽሑፍ ጥያቄ ያቀርብ ነበር። በ1944 ሲፈታ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

የኛዎቹ በ2016 ዓ.ም. በሽብር ተከሰው ጉዳያቸው እዚሁ ልደታ፣ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጥፋተኛ ናቸው፣ አይደሉም ማለት የኔ ሥራ አይደለም፤ እሱ የችሎት ነው። የኔ ጥያቄ ከክሱ በፊት ስላለፉት ወራት ነው። ያኔ ምክር ቤቱ «አባሌ የት ነው?» ብሎ በአደባባይ መጠየቅ አልነበረበትም ወይ? ወንበር ባዶ ሆኖ ሲያድር ጎረቤት የተቀመጠው አያየውም?

ወገኖቼ! ዛሬ ለማንወደው እንደራሴ ያልጠየቅነው መብት ነገ ለምንወደው አይገኝም። እያንዳንዳችን የመረጥነውን ሰው «ባልደረባህ ሲታሰር ምን አልክ?» ብለን እንጠይቅ። ወንበሩ የኛ ነው፤ ምሳ ዕቃው ግን የሚስትና የእናት ሆኖ ቀረ። ሸክሙን እንካፈላቸው።