አሮጌ ሞተርን ስለ ማደስ
(በማኅበራችን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ በዚህ መድረክ ከዚህ ቀደም እንደ ተሰሙት ንግግሮች ከፍ ያለ አርእስት የለውም። ነገሩ ስለ አንዲት አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ነው። ከኋላ የተቀመጣችሁ ጓደኞች መሳቅ እንደ ጀመራችሁ እናያለን። የሆነ ሆኖ ይህች ሞተር በእኛ ጥፋት የሰው እጅ ሰብራለችና ጥቂት ጊዜ እንድትሰጡን እንለምናለን።

ሞተሪቱ ያማሃ ዲ.ቲ. 125 ትባላለች። የግብርናና የጤና ሠራተኞች በየገጠሩ ሲነዱት የኖሩት፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ታዩት የነበረ ዓይነት ነው። ባለቤቷ የአንዱ ጓደኛችን አጎት ናቸው፤ ሥራቸውም የከብት ሕክምና ረዳትነት ነው። ዕቁብ በደረሳቸው ገንዘብ በሐራጅ ገዝተዋት ቀራንዮ በሚገኘው ቤታቸው ያኖሯት ነበር። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሞተር ቢስክሌት በአዲስ አበባ እንዳይነዳ በተከለከለ ጊዜ ሸራ ለብሳ ከአጥሩ ሥር ቆመች። ዶሮ ስትፈለፍልባት እንኳ አይተናል።

ባለፈው ዓመት ግን ጋሼ በመተሐራ በኩል ከብትና ግመል የመከተብ ሥራ በውል አገኙ። ያለ ሞተር የማይሠራ ሥራ ነው። አራታችንን ጠርተው «እናንተ ኢንጂኔሪንግ ትማሩ የለም ወይ? እንግዲህ ይህችን ነገር ልክ ፋብሪካ እንዳወጣት አድርጋችሁ ስጡኝ» አሉን። እኛም ሳናወላውል እሺ አልን።

«ፋብሪካ ያደሰው ሞተር» የሚባለው ነገር በሌላው ዓለም በእርግጥ አለ። የቮልስዋገን ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1947 ጀምሮ ያረጀውን ሞተር ከባለቤቱ እየተቀበለ የታደሰ ሞተር ይሰጥ ነበር። ጦርነቱ ገና ማለቁ ስለ ነበር ብረት ጠፍቶ ነበር፤ አሮጌውን መጣል የማይታሰብ ነበር። ቮልስን በአገራችን የማያውቅ የለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእርሷ ነው። ሩቅ ሳንሄድ ደግሞ በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአውሮፕላን ሞተር ፈትቶ የሚያድስበት ወርክሾፕ እዚሁ ቦሌ አለው። እዚያ እያንዳንዱ ዋና ክፍል ቁጥር አለው፤ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ፣ ማን እንደ ለካው፣ ማን እንደ ፈረመበት ይጻፋል። ከቦሌ እስከ ቀራንዮ ከተማውን ማቋረጥ ብቻ ነው። ለቀራንዮዋ ሞተር ግን አንዲት ወረቀት አልነበራትም።

ስለዚህ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ሶማሌ ተራ፣ ከዚያም ወደ ሬክቲፊካ ሄድን። ሬክቲፊካ የሚለው ቃል እንደ ቡሎን፣ እንደ ዳዶ፣ እንደ ካቻቢቴና እንደ ካንዴላ ሁሉ ከጣሊያኖች የቀረልን ነው። ቋንቋው ሲቀር ከቋንቋው ጋር መምጣት የነበረበት የልክ መጽሐፍ ለምን እንዳልቀረ አንዳንድ ጊዜ ይገርመናል።

የዚህች ሞተር ሲሊንደር ሲወለድ ስፋቱ 56 ሚሊሜትር ነው፤ ፒስቶኑ የሚመላለሰውም 50 ሚሊሜትር ነው። ሲሊንደሩ ሲበላ በ0.25 ሚሊሜትር ደረጃ እየሰፋ ለዚያ የተሠራ ትልቅ ፒስቶን ይገባበታል። እኛም 56.25 የሚል ፒስቶን ከነፋሻው ገዝተን ለቶርኖ ሠራተኛው ሰጠነው። ሽማግሌ፣ እጀ ብልህ ሰው ናቸው። «በፒስቶኑና በግድግዳው መካከል ስንት ልተው?» ብለው ጠየቁን። ይህን ጥያቄ አደራችሁን አስታውሱት፤ የነገራችን ሁሉ መካከለኛው እርሱ ነውና። አራት የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዱ፣ ማን እንደ ሆነ ዛሬ ልንለይ አንወድም፣ «ጠበቅ ይበል አባባ፣ ቶሎ እንዳይላላ» አለ። ሌሎቻችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ጠበቅ አድርገው ሠሩልን።

ሞተሪቱ ቀራንዮ ስትነሣ ድምፅዋ የሚያስደስት ነበር። ጎረቤት ወጥቶ አየ፤ ጋሼም መረቁን። ወዲያው በአይሱዙ ተጭና ወደ መተሐራ ወረደች። በሦስተኛው ቀን እርሳቸው በሙሉ ፍጥነት ሲነዱ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተያያዘ። የኋላው ጎማ በድንገት ቆመ። ፍሪሲዮኑን ለመያዝ ጊዜ አላገኙም፤ ወደቁ፤ ቀኝ እጃቸውም ከአንጓው ላይ ተሰበረ። የክትባቱ ወቅት አልፎ ውሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ «መንገዱ ነው፤ ጠጠር ነበረበት» አሉን። እንዳናፍር ብለው ነው። መንገዱ አልነበረም።

ሲሊንደሩን ፈትተን የሆነውን አንድ በአንድ መረመርን። ፒስቶኑ አልሙኒየም ነው፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን ብረት ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በቀዝቃዛው ጊዜ በመካከላቸው ከሚሊሜትር መቶኛ አራት አምስት እጅ ያህል ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነገር ነው። እኛ «ጠበቅ ይበል» ያልነው ያንን ክፍተት ነው። ሞተሩን በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሁለት ምት ሞተር መሆኑን፣ በተለይም አዲስ የገባ ፒስቶን በመጀመሪያው ሰሞን ቀስ እየተባለ መለማመድ እንዳለበት ለባለቤቱ አልነገርናቸውም።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው፤ ይህንንም በክፍል ተምረን ፈተና አልፈንበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ስለ ሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ከዚህ የተነሣ የቀድሞው መካኒክ ቤንዚን እንዳይበዛባት ብሎ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን መግቢያ ቀዳዳ ባነሰች ቀይሯት ኖሯል። ለቀራንዮ ልክ ነበር። መተሐራ ግን 1000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው። ብዙ አየር፣ ያው ጥቂት ቤንዚን፤ ድብልቁ ሳሳ፣ ሞተሩም ከልክ በላይ ጋለ። በዚህ ላይ በክራንኩ ጫፍ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ አገኘነው። ሁለት ምት ሞተር ድብልቁን የሚስበው በክራንኩ ቤት በኩል ስለ ሆነ በዚያ ስንጥቅ ተጨማሪ አየር ይገባ ነበር። ጎማውን ያልለወጥነው «ገና ይሠራል» ብለን፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ገንዘቡ ስላለቀብን ነው።

እንግዲህ ቶርኖ ሠራተኛውን የምንወቅስበት ምክንያት የለንም። እርሳቸው ልኩን ጠይቀዋል፤ መልስ ያጡት ከእኛ ነው። ፋብሪካው ከቀራንዮው ሬክቲፊካ የሚበልጠው በእጅ ብልሃት ወይም በመኪናው አዲስነት ብቻ ነው ብለን አናምንም፤ በአንድ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ስላለውና ያንን ቁጥር ሳያዩ ሲሊንደር የሚቆርጡ ሠራተኞች ስለሌሉት ነው። ያ ወረቀት ዋጋው ስንት ነው? ማይክሮሜትሩስ? በኮሌጃችን ወርክሾፕ ቁም ሣጥን ውስጥ ማይክሮሜትሮች ከነሣጥናቸው ተቀምጠዋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለልምምድ ወጥተው የምንለካው ግን ያው አንድ የብረት ዘንግ ነው። የዘንጉን ልክ ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ ስለ ፒስቶን መድከም ለምን?» ይሉናል። እኛ ደግሞ አዲሱ እንዲገባ ካልተፈቀደ በእጅ ያለው አሮጌ ብዙ ዘመን ሊያገለግል ነው እንላለን። ከመተሐራ ወጣ ብሎ ግመል በሚጠጣበት ጉድጓድ ዘንድ መብራት የሚሰካበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ የሚከትበው ሰው በምን ይሂድ?

ከማኅበሩ የምንለምነው ይህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ሁለት ሰዓት ይከፈትልን። ከኮልፌም ከቀራንዮም አንድ መካኒክ ሲሊንደሩንና ፒስቶኑን ይዞ ቢመጣ እንለካለት፤ ልኩን፣ የሚተወውን ክፍተት፣ ሞተሩ የሚሄድበትንም አገር ከፍታ በወረቀት ጽፈን እንስጠው። ቶርኖ አንነካም፤ የሰው እንጀራም አንሻማም። መሣሪያው ቢጠፋ ወይም ቢወድቅ እኛ እንከፍላለን፤ ነገር ግን በተማሪ ፊርማ ስለማይወጣ የአንድ መምህር ፊርማ ያስፈልገናል።

የጋሼ እጅ ድኗል፤ ጣታቸው ግን መርፌ ሲይዝ እንደ ቀድሞው አይታዘዝም። 56.50 የሚለውን ፒስቶን በምሳ ገንዘባችን ገዝተን በጨርቅ ጠቅልለን አስቀምጠነዋል። አዲስ የዘይት ማገጃ ጎማም ተገኝቷል። ሲሊንደሩን ወደ ሽማግሌው ከመውሰዳችን በፊት መለካት አለብን፤ ስለዚህ ለመፈረም ፈቃደኛ የሆኑ መምህር ቢኖሩ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በር ላይ ቆመን እንጠብቃለን።