ስለ አምስት መጻሕፍት፣ ያለ ይሉኝታ



ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት እንደ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ አይደለም። በመምህራን ማሠልጠኛ የማስተምር፣ ከሥራ በተረፈችው ጊዜ ያገኘሁትን የማነብ ሰው ነኝ። ናይሮቢ ስቀመጥ ካነበብኳቸው መጻሕፍት አምስቱን መርጬ፣ የወደድኩትን ወደድኩት፣ የሰለቸኝንም ሰለቸኝ ብዬ እነግራችኋለሁ። ዘመኑን የምቆጥረው፣ በአገራችን አቆጣጠር ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ነው።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቤት ልናገር። በናይሮቢ መካከል፣ በደጁ የአንበሳ ሐውልቶች የቆሙበት የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የተከፈተው በ1931 ነው፤ ነገር ግን እስከ 1958 ድረስ የአገሩ ተወላጅ አፍሪካዊ ገብቶ እንዲያነብበት አልተፈቀደለትም ነበር። መጽሐፍን አንብቦ በራስ ሕሊና መመዘን ምን ያህል ውድ ነገር እንደ ሆነ ይህ ቤት ያስታውሰናል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ጆሞ ኬንያታ በ1938 ያሳተሙት «ፌሲንግ ማውንት ኬንያ» ነው። ስለ ኪኩዩ ሕዝብ የመሬት ሥርዓት የጻፉት ክፍል ጽኑ ነው፤ መሬቱ ባለቤት አልነበረውም የሚለውን የቅኝ ገዢዎች ክርክር ያፈርሳል። ይሁን እንጂ የጥንቱን ኑሮ ሲያሳዩን ጉድፉን እምብዛም አያሳዩም። እንደ ጠበቃ የተጻፈ ነውና እንደ ጠበቃ ቃል ማንበብ ይገባል።

ሁለተኛው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1964 ያወጡት «ዊፕ ኖት ቻይልድ» ነው። ትምህርት ቤተሰቤን ያድናል ብሎ የሚያምነው ልጅ ንጆሮጌ፣ የማው ማው ጦርነት ከትምህርት ቤቱ ነጥቆ ሲጥለው እናያለን። ወደ መጨረሻው ታሪኩ ይቸኩላል። የሆነ ሆኖ፣ «ተማር፣ ያልፍልሃል» እያልን ለምንናገር መምህራን ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ መጽሐፍ አላውቅም።

ሦስተኛውም የእኒሁ ደራሲ ነው። በ1978 በካሚቲ ወኅኒ ቤት ሳሉ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ቋንቋ የጻፉት፣ በ1980 የታተመው፣ በእንግሊዝኛው ስሙ «ዴቪል ኦን ዘ ክሮስ» የተባለው ነው። ንጉጊ በ2025 እስካረፉ ድረስ በእናት ቋንቋ መጻፍን አስተምረዋል፤ አክብሮቴም ታላቅ ነው። ነገር ግን ሌቦቹ በጉባኤ ተሰብስበው በሌብነታቸው የሚፎካከሩበት ክፍል እጅግ ረዝሞ ሰልችቶኛል። የደራሲው ጀግንነት የመጽሐፉን ርዝመት አያሳጥረውም።

አራተኛው የኡጋንዳው ኦኮት ፕቢቴክ «የላዊኖ ዘፈን»፣ በ1966 በናይሮቢ የታተመው ግጥም ነው። የተማረው ባሏ የናቃት ሴት ስለ እርሱ ታማለች። እየሳቅሁ አነበብኩት፤ መጽሐፉን ስዘጋ ግን ሳቁ በእኔው በተማርኩት ላይ መሆኑን ተረዳሁ። ከአምስቱ አብልጬ የወደድኩት ይህንን ነው።

አምስተኛው የእኛው ነው፤ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በአገራችን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመው። የበዛብህ ታሪክ በየቦታው ይዘገያል ብል አትቈጡኝ። ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻን የመሰለ ኩሩ፣ ጉዱ ካሣን የመሰለ ተናጋሪ በሌላው መጽሐፍ አላገኘሁም። ደግሞም በዛብህ መምህር መሆኑን አንርሳ፤ ሰብለ ወንጌልን ፊደል ያስተምራል፣ ትምህርቱ ግን የዘር አጥሩን ሊያፈርስለት አይችልም። ንጆሮጌና በዛብህ ቢገናኙ ያለ አስተርጓሚ የሚግባቡ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በማሠልጠኛችን የሚመጡት ወጣቶች ስለ ታላላቅ መጻሕፍት ሲጠየቁ፣ ሳያነቡ «እጅግ ግሩም ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህን ውዳሴ በቃል አስይዘን የሰጠናቸው እኛው ነን። ነገም እነርሱ ለሕፃናት ያንኑ ይሰጣሉ፤ ደጁ ክፍት በሆነ ቤተ መጻሕፍት ውስጥም ዝግ አእምሮ ይቀመጣል።

«ሰነፉ ሁሉ ታላቁን መጽሐፍ ይንቃል» የሚል ቢኖር ፍርሃቱ እውነት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ የእኛን አስተያየት ከመናገራችን በፊት ተማሪው መጽሐፉን ጨርሶ የራሱን ይጻፍ፤ «ሰለቸኝ» ካለ የሰለቸውን ገጽ ያሳየን፤ «ወደድኩት» ካለም እንዲሁ። ገጹን ገልጦ የሚከራከር ተማሪ ከእኛ ባይስማማ እንኳ አንባቢ ሆኗል።