ጠገራ ብር፦ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ስለ መለየት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባ ላይ ጥቂት ቃል እንድንናገር ኮሚቴው ስለ ጋበዘን እናመሰግናለን። እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ጡረታ እስክንወጣ ድረስ በጽሕፈት ቤት መዝገብ ስናገላብጥ ኖርን። ስለዚህ የምንናገረው የምሁር ቃል ሳይሆን ቈጥሮና ጽፎ የኖረ ሰው ቃል ነው።

ጉዳዩ የጠገራ ብር ነገር ነው። «ይህ ደግሞ ለዕድር ምን ያገባዋል?» የሚል አይጠፋም። ያገባዋል እንጂ! አባል ሲያርፍብን ድንኳን እንተክላለን፣ እንቀብራለን፣ ሐዘንተኛውን እናጽናናለን። ዐርባው ካለፈ በኋላ ግን የሟች ሣጥን ይከፈታል፤ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራም ይወጣል። ያን ጊዜ አንዱ «ውድ ነው» ይላል፣ ሌላው «ፎርጅድ ነው» ይላል፣ ደላላው በር ላይ ይቆማል፣ ወንድምና እህት ይኰራረፋሉ።

በመጀመሪያ ብሩ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። በላዩ ያለው መልክ የኦስትሪያ ገዥ የነበሩት የንግሥት ማርያ ቴሬዛ ነው። ንግሥቲቱ ያረፉት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ነው። ብሩ ግን በእሳቸው ሞት አልቆመም። ነጋዴውና ባላገሩ ያንኑ መልክ ስለ ለመደና ሌላውን አልቀበልም ስላለ፣ ዘመኑ ሳይለወጥ «1780» እንደ ተባለ መመታቱ ቀጠለ። በ1935 ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር ስትሰናዳ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ በሮማ መታችው። ከዚያም እንግሊዞች በለንደን፣ በኋላም በቦምቤይ መቱት። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች።

እንግዲህ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» የሚለው ነገር ማስረጃ አይሆንም። ጥያቄውን ለሁለት መክፈል አለብን። አንደኛው «ብሩ እውነተኛ ብር ነወይ?» ነው፤ ሁለተኛው «በእውነት የጥንት ነወይ?» ነው። ኋላ የተመታ ሆኖ ብርነቱ እውነተኛ የሆነ ሞልቷል። እርሱ ሐሰተኛ አይባልም፤ በጥንት ዋጋ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

በአገራችን ጠገራ ከአሞሌ ጨው ጋር ሲገበያዩበት ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመትተው ሲያወጡም ሕዝቡ ጠገራውን አልተወም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ከወጣ ወዲህ ነው ከገበያ እየራቀ የሄደው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄትም የአንድ ጠገራ ክብደት ነበር። አባቶቻችን ብሩን ሲቀበሉ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁ ይቈጥሩ፣ ፊደሉንም ያዩ ነበር። እኛም እንደዚያው እንመርምር።

አንደኛ፣ ሚዛን። ሙሉው ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ ይመዝናል፤ ስፋቱ ወደ 40 ሚሊሜትር ነው። ከስድስት እጁ አምስቱ ብር፣ አንዱ መዳብ ነው። በልኩ ልክ ከናስ ወይም ከመዳብና ከኒኬል የተሠራ ከሆነ 25 ግራም አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ጠርዙ። በጠርዙ ዙሪያ ጐላ ያለ የላቲን ጽሑፍና ሐረግ አለ። «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» ይላል፤ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት ነው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወይም እንደ ስፌት ዙሪያውን የሚሄድ መስመር ካለው፣ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ነውና ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ ፊቱ። ከደረቷ በታች «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ ከዘመኑ ቁጥር ቀጥሎ ትንሽ የመስቀለኛ ምልክት አለች። በተመታ ብር ላይ ፊደሉ ጠርዝ ያለው፣ ጥርት ያለ ነው። በፈሰሰው ላይ የደነዘዘ ነው፤ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ጉድጓዶችም ይታያሉ።

አራተኛ፣ ማግኔት። ማግኔት ከሳበው ብረት አለበት፣ ነገሩ አለቀ። ካልሳበው ግን ገና አላለቀም፤ ናስንም እርሳስንም ማግኔት አይስብም። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ የተሰነጠቀ ወይም ጆሮ የተበየደበት እውነተኛ ብር ድምፁ ይታፈናል።

አምስተኛ፣ ውሃ። በወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ይቀመጥና ይመዘን። ብሩ በክር ታስሮ፣ ብርጭቆውን ሳይነካ፣ ውሃው ውስጥ ይንጠልጠል። ሚዛኑ የሚጨምረው 2 ግራም ከሦስት ሩብ ገደማ ነው። የብሩ ክብደት በዚህ ጭማሪ ሲካፈል ከ10 ትንሽ አለፍ ይላል። ከ9 በታች ከሆነ ብር አይደለም።

የዚህን ጥቅም በአንድ ቤት አይተናል። እናት ካረፉ በኋላ ሦስት ጠገራ ወጣ። ገዢ ነኝ ባይ መጥቶ «አንዱ ክብደቱ አይገጥምም፣ ሐሰት ነው» አለና በርካሽ ጠየቀ። እህትየዋ ደግሞ «ወንድሜ ለውጦታል» ብላ አለቀሰች። ብሩ እናትየው በአንገታቸው ያደርጉት ስለ ነበር ጆሮ ተበይዶበታል፤ የከበደው ለዚህ ነው። በውሃ ሲፈተን ከሁለቱ ጋር አንድ ሆነ። ልጅቱም ወንድሟን ይቅርታ ጠየቀች። በብዙ እጅ ያለፈ ጠገራ ደግሞ ተፍቆ ይቀልላል፤ መቅለሉ ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኘውም።

እንግዲህ ምክራችን ይህ ነው። ብሩን በአሸዋ ወይም በአሲድ አትሹት፤ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት መልኩን እንደ ያዘ ነው። «ሲቈፈር ተገኘ» እያለ በምስጢር የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑት፤ እውነተኛ ሻጭ ሚዛን አይፈራም። በሐዘን ሰሞን አትሽጡ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። በጥንትነቱ የሚያስከፍል ዋጋ ከተጠራም ከአንድ በላይ ዐዋቂ ይየው።

ከሁሉ በላይ ግን በሕይወት ሳለን እንጻፍ። ስንት ጠገራ እንዳለ፣ የእያንዳንዱ ክብደት ስንት እንደ ሆነ፣ ጆሮ ያለው የትኛው እንደ ሆነ በአንድ ወረቀት ጽፈን፣ ሁለት ሽማግሌዎች ፈርመውበት እናስቀምጥ። የጸሐፊ ነገር ሆኖብን አይደለም። ስንት እንደ ነበረ የተጻፈ ገንዘብ ወንድምን ሌባ አያሰኝምና ነው።